«የለም» ብዬ የሞላሁት ወረቀት

ፎርም መሙላት እንጀራዬ ነበር። ሀርጌሳ በኖርንባቸው ዓመታት፣ ከስደት ተመልሰው የፈረሰ ቤታቸውን መልሰው የሚያቆሙ ሰዎችን የሚመዘግብ አንድ የእርዳታ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ነበረኝ። ከጧት እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትር ሶላት፣ ወረቀት ነው። ቤተሰቡ ስንት ነው፣ ግድግዳው ቆሟል ወይ፣ ጣሪያ አለ ወይ፣ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ። እንግሊዝኛውን እኔ አነባለሁ፣ አስተርጓሚው በሶማሊኛ ይጠይቃል፣ እኔ ትንሿ ሣጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስል ኖሬ ስለ ፎርም የገባኝ ነገር አንድ ነው፤ «አዎ» ያለ ሰው ሌላ ፎርም ይጨመርለታል፣ «የለም» ያለ ሰው ቤቱ ይገባል።

ለነገሩ ይህን ያስተማረኝ ቢሮው ብቻ አይደለም። እኛ ከወሎ ተነሥተን በወጃሌ ድንበር በኩል የተሻገርን ሰዎች፣ ወረቀት ለያዘ ሰው የምንመልሰው መልስ ድሮም ያው ነው። በሽታ አለብሽ? የለም። እዚያ ዘመድ አለሽ? የለም። ከዚህ በፊት ከድንበር ተመልሰሽ ታውቂያለሽ? የለም። መንገድ ያሳየን ሰውዬ «ለወረቀት የለም በሉ፤ ለሰው የፈለጋችሁትን አውሩ» ብሎ ነበር የሸኘን። እኛም በተራችን አዲስ ለመጣ ሁሉ ይህንኑ እንደ ትልቅ ምክር እያቀበልን ኖርን። እኔማ ፎርም አዋቂ ተብዬ ሰው ቤቴ ድረስ እየመጣ ያማክረኝ ነበር። ያስቃል።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ ከገንዘብ መንዛሪዎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የወንድ ሱሪና የተማሪ ልብስ ይሰፋ ነበር። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ግድግዳው ሳይለሰን ልጆቹ ይገባሉ፣ ልጆቹ ሳይገቡ ዩኒፎርም ይታዘዛል። መኪናዋን እየረገጠ ሲሰፋ ሰው ያጫውታል፣ ይቀልዳል፣ ከላይ ከሚመጣው የሲሚንቶ አቧራ ጨርቁን በአንሶላ ይሸፍናል። ወጣትነቱን ጅዳ በስፌት ስላሳለፈ ዐረብኛው እንደ ውሃ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ፊደሉንም አይለይም። ስለዚህ በቤታችን ዐረብኛ ተናጋሪ ሲመጣ እሱ ይወጣል፣ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲመጣ እኔ እቀመጣለሁ። እሱ ካረፈ አሁን ዓመታት አልፈዋል። ይህን የምጽፈው ደክሞኝ ነው፤ ብቻዬን ይዤው መኖር ስለሰለቸኝ ነው።

ኩላሊቱ መድከሙን የነገሩን ሀርጌሳ ነው። ፊቱ ያብጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲነሣ ያዞረዋል። ደሙን ያዩት ሐኪም «ኩላሊቶቹ ወደ ማለቁ ናቸው፣ እጥበት መጀመሩ አይቀርም፤ አቅም ካላችሁ ግን ውጭ ሄዳችሁ ሌላ ሐኪምም ይየው» አሉን። ሸጥን፣ ተበደርን፣ ባሕር ማዶ ዐረብ አገር ሄድን። ከመሄዳችን በፊት እንደ አገራችን ወግ አፉ ተባባልን። ሙስሊም ላልሆነ አንባቢ ልንገር፤ እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሲወጣ፣ ረመዳን ሲገባ፣ ወይ ሞት ሲቃረብ፣ «አፉ በለኝ» ይባባላል፤ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተጠየቀው ለምን እንደሆነ አይመረምርም። «አፉ ብያለሁ» ይላል፣ አለቀ። እሱ ደግሞ የራሱ አባባል ነበረው፤ «የማውቀውንም የማላውቀውንም አፉ ብዬሻለሁ» ይለኝ ነበር።

እዚያ ያየው ሐኪም የኩላሊቱን ነገር ካጣራ በኋላ ማዞሩ አሳሰበውና የጭንቅላቱን የደም ሥሮች በፎቶ እንዲያሳይ ላከን። ፎቶው ያ ትልቁ፣ ሰው ተኝቶ የሚገባበት ኤምአርአይ የሚባለው ነው። ማንሻው ቤት ከሐኪሙ ማዶ፣ ሌላ ሕንፃ ነው። ሰልፍ ያዝን። ከፊታችን አንዲት ሴትዮ አባቷን ይዛ ነበር፤ ወረቀቱን ሞልታ ስትሰጥ የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንብባ «ኩላሊት አለበት? እንግዲያው አዲስ የደም ምርመራ አምጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» ብላ መለሰቻት። እኛ አውሮፕላናችን በሦስተኛው ቀን ነው። ያረፍንበት ቤት የሰው ነው። ሱቁ ተዘግቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት እጄ ገባ።

ጥያቄው በጉልህ ፊደል ነበር። የኩላሊት ሕመም አለብዎት? አዎ፣ የለም። እስክሪብቶዬ አልዘገየም። እዋሻለሁ ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ ነው። «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፍኩ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ የቁጥር ወረቀቷን ይዞ ነበር። ስሙ ተጠራ፣ ገባ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክንዱ ላይ ትንሽ ጥጥ ተለጥፎበት ወጣ። «በመካከል መርፌ ወጉኝ፣ ደም ሥሩ እንዲታይ ነው አሉኝ» አለ። ፎቶው ላይ ምንም ክፉ ነገር አልተገኘም። እኔም ጎበዝ ነኝ አልኩ ለራሴ፣ አንድ ሳምንት አተረፍኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሀርጌሳ ተመልሰን እጥበቱን ጀመረ፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ወር ተኩል ገደማ እንደሆነው እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያሳክከው፣ ያቃጥለው ጀመር። እብጠት ነው አልን። እብጠቱ ሲጎድል ቆዳው ግን አልተመለሰም። ጠቆረ፣ ተወጠረ፣ ጠነከረ። በጣቴ ስጫነው አይገባም፤ ልቆንጥጠው ብል አይያዝም። እሱ አንድ ቀን እግሩን አንኳኳና «አንገትጌ ሆንኩልሽ» አለኝ፤ ሸሚዝ አንገት ውስጥ የሚከተተውን ደረቅ ጨርቅ ማለቱ ነው። ሳቅሁለት። ቀጥሎ ጭኑ፣ ቀጥሎ ክንዶቹ። ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ሲለው የመኪናዋን መርገጫ መርገጥ አቃተው፤ በእጅ የሚዞር መኪና ተዋሰ። ጣቶቹ ሲጎብጡ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ቀረ። የኋላ ኋላ መርፌ የሚያሾልክለት ሰው ለመነ።

ሰዉ ይፈራዋል። ከእኛው ሰዎች መካከል የሥጋ ደዌ ነው ያለ ነበር፤ ዐይን ነው ያለም ነበር፤ አንድ ጎረቤታችን በእሳት የሚተኩስ አዋቂ ልታመጣ ተነሥታ በስንት ልመና መለስኳት። ዱቤ ጨርቅ የሚሰጠው ነጋዴ እጁን መጨበጥ ትቶ ከሩቅ ደረቱን እየነካ ሰላም ይለው ጀመር። ያ አንጀቴን በላው። ባሌ ግን «ትሕትና ተማረ» ብሎ አለፈው።

ምክንያቱን የነገረኝ አዲስ አበባ ያደገ ሶማሌ ዶክተር ነው፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል። ከውጭ ተመልሶ በሳምንት አንድ ቀን እጥበቱ ክፍል ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ባየው ቀን እኔ ካርድ ላወጣ ታች ወርጄ ነበር፤ ስመለስ ምርመራውን ጨርሶ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ባለቤትዎ ኤምአርአይ ሲነሡ መርፌ ተወግተዋል፣ አይደል?» አለኝ።

«ተወግቷል።»

«ኩላሊቱ የደከመ ሰው ያን መድኃኒት በጊዜ ከሰውነቱ ማስወጣት ያቅተዋል። ውስጥ ይቀርና ቆዳውን ያደነድነዋል፣ መገጣጠሚያውን ይይዘዋል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ እኔ ራሴ ከዚህ በፊት በመጽሐፍ ነው የማውቀው። ከደረሰ ግን መልሶ የሚያለሰልስ መድኃኒት የለንም። እጅ እግሩን በየቀኑ ያንቀሳቅሱለት።» ካርዱን ተቀበለኝና «ስለ ኩላሊቱ አልጠየቋችሁም?» አለኝ።

«አልጠየቁም» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «እንዴት አይጠይቁም?» አለ፣ ለእኔ አዝኖ። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰዎቹ በጉልህ ፊደል ጠይቀው ነበር። አላህ ያሳያችሁ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሰልፍ ሳይኖር፣ አውሮፕላን ሳይኖር፣ ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ።

ለባሌ «የኩላሊቱ ነው ይላል ዶክተሩ፣ ከበሽታው ጋር የሚመጣ ነው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ደግሞ ሳይጠይቁ ወጉት እያልኩ አወራሁ፤ እያወራሁ ራሴም ላምነው ምንም አልቀረኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ላይ ነቀዘ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝ፣ ቀን ትዕግሥት የለኝ፤ ቢሮ ውስጥ በሰው ላይ መጮህ ጀመርኩ። ሰው «የለም» ሲለኝ «እርግጠኛ ነህ ወይ» ብዬ ሦስት ጊዜ አስጠይቃለሁ፤ አስተርጓሚው ሴትዮዋ ምን ነካት እያለ ያየኛል።

ቤታችን ሃያ ስድስት ጁን የሚባለው ሰፈር ነበር። ከዚያ ታክሲ ዋሄን ዳር ያደርሳል፤ ወደ ውስጥ ግን በእግር ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ባሌ በዚያ ሕዝብ መካከል በማይታጠፉ ጉልበቶቹ ሲሄድ ሰው ይገጨዋል፣ ይወድቃል። አንድ ቀን አንድ ጋሪ ገፊ ተሸካሚ አዘነለትና ሩዝ በሚጭንበት ጋሪ ላይ አስቀመጠው፤ «መንገድ፣ መንገድ» እያለ እየገፋ ሱቁ በር ድረስ አደረሰው። ማታ ሲነግረኝ «ነጋዴዎቹ የስንት ኪሎ ነው ብለው ጠየቁ» ብሎ ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቁን አስረከበ። መቀሱን ብቻ ይዞ መጣ፤ ጣቱ ስለማይገባበት መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፣ እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሰውነቱን ማፍታታት ሆነ። ጧት ከቢሮ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ በሞቀ ውሃ ይዤ ለማቃናት እጎትታለሁ። ያመዋል፣ አይናገርም። ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሰግድ፤ ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት ማድረስ ካቃተው ቆየ፤ ከሁሉም ያ ነበር የሚቆጨው። «እቴ፣ መሬቱ ራቀኝ» ይለኝ ነበር። ያን በሚለኝ ጊዜ ልነግረው አፌ ላይ ይደርሳል። ነገር ግን እንዲህ አስብ ነበር፤ ይህ ሰው ሱቁን አጥቷል፣ እጁን አጥቷል፣ ሱጁዱን አጥቷል፤ አሁን ደግሞ የቀረችውን ሚስት ላሳጣው ወይ? እውነቱን ብናገር ግን ለእሱ አዝኜ አልነበረም። ፈርቼ ነው። በዚያ በማይዘረጋ እጁ እንዳይመታኝ አይደለም የፈራሁት፣ እሱ ሰው አይመታም። አይቶኝ ፊቱን እንዳያዞርብኝ ነው።

ረመዳን ገባ። አፉ በለኝ አልኩት። «የማውቀውንም የማላውቀውንም አፉ ብዬሻለሁ» አለኝ። የማላውቀውንም ብሏል፣ እንግዲህ ገብቶበታል፣ ተሰርዟል ብዬ ለሁለት ቀን ያህል ቀለለኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰብኝ። አገራችን ሳለን የቁርኣን አስተማሪያችን የሰው ሐቅ፣ ማለት በሰው ላይ የሠሩት በደል፣ ስሙ ካልተጠራ አይወርድም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዶሮ የወሰድክ ዶሮ በል፣ እህል የወሰድክ እህል በል ይሉ ነበር። ሌላ ረመዳን መጣ። እንደገና አፉ በለኝ፣ እንደገና አፉ ብዬሻለሁ። እንዲህ እያልኩ በስርቆት ይቅርታ ስሰበስብ ነበር።

እጥበቱ ክፍል ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ያለው አልጋ የአንዲት አሮጊት ነበር። ልጃቸው የጅግጅጋ ሴት ናት፤ ሀርጌሳ ልብስ ትነግዳለች፣ አማርኛ ከእኛ ጋር ታወራለች። እናትየው ዝምተኛ ናቸው፤ ልጅቱ ለሁለት ታወራለች። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ሲዘገይና ማሽኖቹ ሲቆሙ ክፍሉን በወሬ የምታቆየው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ወረቀት ይዛ መጥታ አስሞልታኛለች።

አንድ ሐሙስ ጧት ባሌ ማሽኑ ላይ ከሆነ ሰዓት አልፎት ነበር። ዐይኑን ጨፍኗል። ቆዳው ስለደነደነ ነርሷ መርፌውን ያስገባችው በሦስተኛው ሙከራ ስለነበር ደክሞታል። እናትየው ጨርሰው ልጅቱ የቀሚሳቸውን እጅጌ ታወርድላቸዋለች።

«ዛሬ ሰላም በሉን» አለችኝ። «ከዚህ ቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ ነን። ሻንጣው ታክሲው ውስጥ ነው።»

«በሰላም ነው?»

«የእናቴ ወገብ ነዋ። ኤምአርአይ ይነሣ ብለዋል፣ እዚያ ማዶ፣ እናንተ የሄዳችሁበት አገር። ኩላሊት ካልን መልሰው ያንገላቱናል አሉ የሄዱ ሰዎች። ግዴለም፣ እኛ ተምረናል።» ሳቀች። «ለወረቀት የለም! አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?»

ወደ ውጭ ልጥራት ብል እናትየውን ደግፋ ቆማለች፣ ታክሲው በር ላይ ጥሩንባ ይነፋል። ባሌ ከአንድ ክንድ በማይርቅ አልጋ ላይ ነው።

«አዎ በሏቸው» አልኳት። «ኩላሊት አለባት በሏቸው።»

«ለምን ብዬ? ሳምንት ልጉላላ?»

«የሚወጓት መድኃኒት አለ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ጥሩ አይደለም።»

«ተይኝ እባክሽ። ማን ላይ ደርሶ?»

አንሶላው ላይ ያሉትን የባሌን እጆች አየሁ። ጣቶቹ እንደ ጨበጠ ሰው ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። «እሱ ላይ» አልኩ።

«እሱንማ ሳይጠይቁ ነው የወጉት። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል የምትሄድ ነበረች። እናትየው ቆመው ያዩኛል። እጃቸው የአሮጊት እጅ ነው፣ ቆዳው ላላ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

«ጠይቀዋል» አልኩ። «በወረቀት ጠይቀውናል። የሞላሁት እኔ ነኝ። የለም ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። አንቺን ዋሽቼሻለሁ፣ ዶክተሩንም ዋሽቻለሁ። ይሄ የምታዪው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። አዎ በሉ፤ ቢመልሷችሁ ተመለሱ።»

ልጅቱ አፏን ይዛ ቆመች። «ወላሂ?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«ወላሂ።»

እናትዋን ደግፋ ወጣች። እኔ ዞሬ ባሌን ማየት ፈራሁ። ሳየው ዐይኑ እንደተጨፈነ ነው። እንደሰማ ግን አውቃለሁ፤ ሰው ሲተኛና ዐይኑን ሲጨፍን እለያለሁ፣ ሚስቱ ነኝ። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። መሄድ አልችልም፤ ሲነቀል ክንዱን ተጭኖ ደሙን የሚያቆምለት ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል የረዘመብኝ ነገር የለም። ሲጨርስ ጥጡን ይዤ ክንዱን ተጫንኩ። አላየኝም፣ ክንዱንም አልነጠቀኝም።

ቤት ገባን፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ዙሁርን ሰገደ። ውሃ ስለተከለከለ በቀን የተፈቀደለት አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ብቻ ነበር። አምጪ አለኝ፣ አመጣሁ፤ በሁለት መዳፎቹ ጠርዝ ይዞ ግማሹን ጠጣ።

«እቴ» አለኝ። «ያ ዶክተር መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነው። አንቺ ካርድ ልታወጪ ወርደሽ።»

ብርጭቆውን ልቀበል የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

«መርፌ ወግተውሃል ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት። እንግዲያው ያደነደነህ እሱ ነው አለኝ። ኩላሊትህን ጠይቀውህ ነበር ወይ ሲለኝ፣ ሚስቴን ጠይቃት አልኩት።»

«የጻፍኩትን ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ማንሻው ቤት ውስጥ ሳለሁ፣ ከመርፌው በፊት፣ የሚያነሣው ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጣቱን ያቺ ሣጥን ላይ አድርጎ በዐረብኛ ‹እዚህ ኩላሊት የለበትም ይላል፤ ደህና ነህ አይደል?› አለኝ።» ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ደህና ነኝ አልኩት።»

«ለምን?»

«አንቺ ጽፈሻላ። ሚስቴ ዋሽታ ነው ልበለው? ደግሞ እኔስ መመለስ ፈልጌ ነው? የሁለት ትምህርት ቤት ሱሪ ተቆርጦ ሱቅ ተቀምጧል።»

ተናደድኩ። ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ፣ ፍጥረቴ ነው። ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣሁት፣ ጣቶቹን ስጎትት ምላሴን እየነከስኩ የኖርኩት፣ ብቻዬን ገደልኩት እያልኩ የከረምኩት ሁሉ ባንድ ላይ መጣብኝ። «እና እያወቅህ ዝም አልከኝ?» አልኩት። «እያየኸኝ?»

«ሁለት ረመዳን ጠበቅኩሽ» አለ። «አፉ በለኝ ስትይኝ፣ አሁን ስሙን ትጠራዋለች እላለሁ። ትንሽ ትቆዪና ሳሙና አልቋል ትይኛለሽ።»

«አንተስ ስሙን መጥራት አቅቶህ ነው?»

ብርጭቆውን ቁልቁል አየ። ቀልድ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። «አቅቶኝ ነው» አለ። «ጥፋተኛው አንድ ሰው ሲመስል ለሌላው ይቀለዋል። አንቺ ስትጨነቂ አያለሁ፣ የእኔ ድርሻ ቀለል ይለኛል። ዝም አልኩ። ይሄን አፉ በይኝ።»

መሬት ተቀመጥኩ። እኛ አፉ ስንባባል እጅ እንያያዛለን። እጁን ዘረጋልኝ፣ ማለት ክንዱን ዘረጋልኝ፣ እጁ ከተዘጋ ቆይቷል። ጡጫውን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ወረቀቱ ላይ የለም ያልኩትን» አልኩ። «ዶክተሩን አልጠየቁም ያልኩትን። አንተን ከበሽታው ነው ያልኩህን። አፉ በለኝ።» እሱም የራሱን አንድ በአንድ ቆጠረ። የማላውቀውን የሚል አልነበረም፣ ሁለታችንም ሁሉን አውቀነዋል። ከዚያ ቀሪዋን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሰጠኝ፤ በዚያ ቀን ከእሱ የሚበልጥ የጠማው ሰው የለም። ጠጣሁለት።

የጅግጅጋዋ ልጅ ከዐሥር ቀን በኋላ ተመለሰች። ተቆጥታ ነው የመጣች። «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ፣ ከበር ጀምራ። «አዎ ብለን ደም መርምሩ ተባልን፣ ዛሬ ነገ ተባልን፣ በመጨረሻ ያለ መርፌ አነሷት። ያለ መርፌ ጥርት ብሎ አይታይም ተባልን። ያን ሁሉ መንገድ!»

እናትየው አልጋው ላይ ወጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሳላስፈቅድ ተነሥቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቆዳቸው በጣቴ ይሸሻል፣ ስቆነጥጠው ይነሣል፣ ስለቀው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ነው። አሮጊቷ ምን ነካሽ አላሉኝም፤ ክንዳቸውን ተዉልኝ።

ባሌ ከአልጋው ላይ አንገቱን ማዞር ስለማይችል በዐይኑ ብቻ ወደ እኛ አየ።

«ለስላሳ ነው?» አለኝ።

«ለስላሳ ነው» አልኩት።

ነርሷ መርፌውን ይዛ እጄን እስካነሣ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።